የእማማ ገንዘቤ ድንጋይ

ልጄ ለተብርሃን ሰው ፊት "እናቴ ቀራፂ ናት" ስትል አፍራለሁ። ቀራፂ የሚባለው ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረ ነው። እኔ የገባሁት ጓሮ ነው። ፊደል እንኳ የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት፣ በቀበሌው አዳራሽ፣ ልጅ አዝዬ ነው። እኔ ወፍጮ ወቃሪ ነበርኩ። ድንጋይን የወደድኩት በዚያው በኩል ነው፤ እንዴት እንደሆነ ልናገር።

ያኔ ገርጂ ከተማ አልነበረም። ዛሬ ኢምፔሪያል የሚባለው፣ የታክሲ ረዳት ጉሮሮው እስኪደርቅ የሚጣራበት ቦታ፣ የጤፍ ማሳ ነበር። ከቤታችን ወዲያ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ ወዲያ ማሳ፣ ከዚያ ወዲያ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ። አውሮፕላን ሲያርፍ የጭቃ ግድግዳችን ይንቀጠቀጣል፤ መደርደሪያ ላይ ያሉት ሲኒዎች እርስ በርስ ይንሾካሾካሉ። ለመድነው። የማይለመድ ነገር የለም መቼም።

ባለቤቴ ብርሃነ የእንደርታ ሰው ነው፤ እኔም። በስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት ተጋብተን መጣን። በእኛ አገር ቤቱም ድንጋይ፣ አጥሩም ድንጋይ ነው። ወንዱ ድንጋይ ይጠርባል፣ ሴቷ ወፍጮዋን ትወቅራለች። ወፍጮ ስል በእጅ የሚፈጨውን ነው። ብዙ ሲፈጭበት ፊቱ ይለሰልሳል፤ እህሉ ከመጁ፣ በእጅ ከሚገፋው ድንጋይ፣ ሥር እየተንሸራተተ አልደቅ ይላል። ያን ጊዜ ሹል ጠንካራ ድንጋይ ይዞ ፊቱን ቀጭ ቀጭ እያደረጉ ጥርስ ማውጣት ነው። መውቀር ማለት ይኸው ነው። ቀላል ይመስላል። ጥልቀቱ እኩል ካልሆነ ግን ዱቄቱ አሸዋ ያወጣል፤ ባልም ጥርሱን ይዞ ይጮሃል። እናቴ ስታስተምረኝ "በዓይንሽ አትመኚ፣ በመዳፍሽ እዪው" ትለኝ ነበር። ወቅሬ ስጨርስ መዳፌን አስኬድበታለሁ፤ የድመት ምላስ ከመሰለኝ አለቀ ማለት ነው።

አዲስ አበባ ስመጣ የመብራት ወፍጮ ነበር። ቢሆንም ሰልፉ ረጅም ነው፣ መብራቱም ይጠፋል፤ ብቅሉን፣ በርበሬውን፣ ትንሽ ትንሹን ነገር ሴቱ ቤቱ ነው የሚፈጨው። እኔ መውቀር እንደምችል ሲታወቅ ጎረቤቱ ሁሉ ወፍጮውን እያስጎተተ ያመጣልኝ ጀመር። ደስ ይለኝ ነበር። ለምን ደስ እንደሚለኝ ግን አላውቅም። ሥራ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ብርሃነ የሚሠራው ጋሼ መኩሪያ ግቢ ነው። ጋሼ መኩሪያ በአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ላይ የመቃብር ድንጋይ የሚያሠሩ ሰው ነበሩ፤ ቁጡ፣ ግን ክፉ ያልሆኑ። ብርሃነ ፊደልና መስቀል በማውጣት እጁ የተመሰከረለት ነበር። ሰዓት እላፊ ስላለ ማታ ግቢው መቆየት አይቻልም፤ ስለዚህ የሚቸኩል ሥራ ሲኖር ድንጋዩን በጋሪ ቤት አምጥቶ ጓሯችን ይጨርሰዋል።

በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ መስቀል ካለፈ ሳምንት ሳይሞላው፣ ብርሃነ እዚያው ግቢ ጥቁር ድንጋይ ሲፈልጥ ፍንጣሪው ግራ ዓይኑን መታው። ሐኪሙ ሁለቱንም ዓይኑን አሰረው። ጤነኛው ወዲያ ወዲህ ሲል የታመመውም አብሮት ይንቀሳቀሳል አለን። ሃምሳ ቀን እንዳይፈታ፣ ጎንበስ እንዳይል፣ ከባድ እንዳያነሳ። እጁን ይዤ ወደ ቤት አመጣሁት። በሩ ላይ ሲደርስ "የብርነሽ ድንጋይ እንዳያደናቅፈኝ" አለ። ይህን ያህል ነው ያለው።

የብርነሽ ድንጋይ ጓሮ ተጋድሞ ነበር። ወይዘሮ ብርነሽ ለእናታቸው ለእማማ ገንዘቤ ያዘዙት ነው፤ የአምቦ ድንጋይ፣ ቁመቱ እስከ ደረቴ የሚደርስ። ብርሃነ ስሙን ቀርጾ ጨርሷል። የቀረው መስቀሉ ነው። መስቀሉን በእርሳስ ነድፎታል፤ ዙሪያው ያለው ሜዳ፣ ጠራቢዎች መሬት የሚሉት፣ አንድ ጣት ያህል ወደ ታች ወርዶ መስቀሉ ከፍ ብሎ መቅረት አለበት።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ መኩሪያ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁት መጡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

"ብርሃነ፣ እግዜር ይማርህ። መቼ ነው የሚፈታልህ?"

"ጥቅምት መጨረሻ ላይ" አለ ብርሃነ። ዋሸ። ሃምሳው ቀን የሚሞላው ኅዳር አጋማሽ ነው።

"የሴትዮዋ ሙት ዓመት ኅዳር አሥራ ሦስት ነው። ቄሶቹ ተነግሯቸዋል፣ ዘመድ ከደብረ ዘይት ይመጣል። ድንጋዩ የዚያን ቀን ካልቆመ ብርነሽ እኔን ነው የምትቀብረኝ።"

"ይቆማል ጋሼ።"

"ተካልኝ ሥራ ፈልጎ ሦስት ጊዜ መጣ። የአንተን ቦታ ነው የሚያየው። እኔ አልፈልግም፣ ግን ድንጋዩ ካልደረሰ ለእሱ ከመስጠት በቀር ምን አደርጋለሁ?"

እሳቸው ሲወጡ ብርሃነ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው። ከዚያ ቦታ ከወጣ፣ አንድ ዓይኑ የተነካ ጠራቢ ማን ይቀጥራል? ብርቱካኑን ልጬ ሰጠሁት፤ አልበላውም።

በማግስቱ እንጨት ላመጣ ጓሮ ወጣሁና ድንጋዩን አየሁት። መዳፌን አስቀመጥኩበት። ፀሐይ ሞቆ ነበር። የወፍጮ መውቀሪያዬ እዚያው ግድግዳው ሥር ነበረች። አንስቼ ጥግ ላይ፣ መስቀሉ በማይደርስበት በኩል፣ አንድ ጊዜ መታሁት። ቀስ ብዬ። ለጥቁር ድንጋይ ለለመደ እጅ የአምቦ ድንጋይ አይብ ነው። ደግሜ መታሁት። እንጨቱን ረሳሁት።

"ምንድን ነው የምትወቅሪው?" አለኝ ብርሃነ ከቤት ውስጥ።

"ወፍጮዬን።"

በማግስቱም ወቀርኩ፤ ሌላ አልጠየቀኝም። በሦስተኛው ቀን ምሳ ሳጎርሰው፣

"አስመረት" አለኝ፣ "ወፍጮ እንደዚህ አይጮህም።"

"እንዴት ነው የሚጮኸው?"

"ወፍጮ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ሲመቱት ይመልስልሻል። ይሄኛው ይውጠዋል። ይሄ የብርነሽ ድንጋይ ነው።"

ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ። ይቆጣል ብዬ ፈራሁ። የሠሪን ሥራ ሌላ ሰው አይነካውም፤ ሴት ደግሞ ከነጭራሹ። ከዚያም በላይ ታማሚ ባለበት ቤት የመቃብር ድንጋይ መቅረጽ ሟርት ነው፤ ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።

"በምንድን ነው የምትመቺው?" አለኝ።

"በወፍጮ መውቀሪያዬ።"

ሳቀ። ከተጎዳ ጀምሮ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው። "መስቀሉን ስትደርሺበት ታፈርሺዋለሽ። መሮዎቼ ጆንያው ውስጥ ናቸው፣ አምጪያቸው።" አመጣሁ። አንድ በአንድ እየዳሰሰ ጠባቡን መረጠና ሰጠኝ። "ጠርዙ ላይ በዚህ፣ መሬቱን ደግሞ እንደፈለግሽ። አልጋዬን ወደ ጓሮው በር ግፊልኝ።"

እንዲህ ሆነን ሠራን። እኔ ጓሮ ድንጋዩ ላይ ጎንበስ ብዬ፣ እሱ በሩ ሥር ዓይኑ ታስሮ ተጋድሞ። የሚያየው በጆሮው ነው።

"መሮው ተጋድሟል፣ አቅኚው።"

"እንዴት አወቅህ?"

"ተንሸራተተ እኮ፣ ሰማሁት።" ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ "ምነው ፈራሽ?"

"አልፈራሁም።"

"እንግዲያው መዶሻው ፈርቷል።"

አንዳንድ ጊዜ ምንም ሳይለኝ ብዙ ይቆያል፤ እንቅልፍ ወሰደው ስል "እንደሱ" ይላል። አንዲት ቃል። ያቺን ቃል ለማግኘት ስንት ቀን ጎንበስ አልኩ።

ጎረቤቱ ወፍጮ እየወቀርኩ ነው ብሎ ነው የሚያውቀው። በአጥር የምትዋሰነን ሰኪና የምትባል የወሎ ሴት ነበረች፤ ባሏ ከባድ መኪና ይዞ አሰብ የሚመላለስ። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣

"አንቺ አስመረት፣ አንድ ወፍጮ ነው ያለሽ ብዬ ነበር፤ ቢጠፋ ቢጠፋ ሰባት ወቀርሽ እኮ" አለችኝ።

"የሰው ነው።"

"እንግዲያው የእኔንም ጨምሪበት።" ከሰዓት በኋላ ወፍጮዋን በልጆቿ አስጎትታ ላከችው። ምን ልበል? ወቀርኩላት። እሷ ስታወራ ሌላዋ ላከች፣ ሌላዋም። ለሽፋን ብዬ የዋሸሁት ውሸት አራት ወፍጮ አመጣብኝ። ጠዋት የእማማ ገንዘቤን፣ ከሰዓት የሰፈሩን። ብርሃነ አልጋው ላይ ሆኖ ይስቅብኛል፤ "ይሄ ወፍጮ ነው፣ አሁን ደግሞ ወደ ብርነሽ ድንጋይ ተመለስሽ" እያለ።

ሰኪና ወፍጮዋን ልትወስድ የመጣች ዕለት ድንጋዩን የሸፈንኩበትን ጆንያ ገለጥ አደረገችው። ስሙንም አየች፣ መስቀሉንም አየች። እጇን አፏ ላይ አደረገች። ወደ በሩ፣ ብርሃነ ወደተኛበት ዞረች፣ ከዚያ ወደ እኔ።

"በሽተኛ ባለበት ቤት?" አለች በሹክሹክታ።

"ካልሠራሁት ቦታውን ለሌላ ይሰጡበታል ሰኪና። ሌላ ምን ላድርግ?"

ጆንያውን መልሳ ዙሪያውን አስተካከለችው፤ ወፍጮዋንም ሳትወስድ ላዩ ላይ ጭና፣

"ይቺ እዚሁ ትቀመጥ። የመጣ ሰው እሷን ይይ" አለች። "አላህ ይማረው። አብሽሪ።"

ወፍጮዋን ያን ወር ሙሉ አልወሰደችም። ብቅሏን ሌላ ቤት እየሄደች ነበር የምትፈጨው። ይህን ያወቅሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጥቅምት ሰማዩ ጠርቶ ፀሐዩ ብርቱ የሆነበት ወቅት ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አካባቢ የመስቀሉን አንድ ጎን እያወረድኩ ነበር። አቧራውን እፍ አልኩትና ቀና ስል፣ መስቀሉ ጎን ላይ ጥላ አየሁ። ቀጭን፣ የክር ያህል። ትናንት አልነበረችም። ድንጋዩ ሜዳ ነበር፤ ጥላ የሚወድቅበት ቦታ አልነበረውም። ቦታውን የሠራሁላት እኔ ነኝ። ሌላኛውንም ጎን አወረድኩት፣ እዚያም መጣች። በአራት ሰዓት ወፈር አለች፣ በስድስት ሰዓት ጠፋች፣ ከሰዓት በኋላ በሌላው በኩል ዞራ መጣች። ያን ቀን ወጡ አረረ። የቀበሌ ሱቅ ስኳር የሚያድልበት ቀን ነበር፣ ተራዬ አለፈኝ። አውሮፕላን አርፎ ይሁን ተነስቶ አልሰማሁም። ብርሃነ ሦስት ጊዜ ጠርቶኝ ኖሯል።

"ምን ሆነሽ ነው?" አለኝ ስገባ።

"ጥላ አለው" አልኩት።

ገባው። ጠራቢ ነዋ። እጁን ዘርግቶ ፈልጎ እጄን ያዘኝ፤ አቧራ ነበር፣ አልለቀቀኝም። "እኔን ይሄ ነገር የያዘኝ በአሥራ ሁለት ዓመቴ ነው" አለ። "አይለቅሽም እንግዲህ።"

ኅዳር በገባ በአምስተኛው ቀን መሬቱ ሁሉ ወረደ። መስቀሉ ለስላሳ ሆኖ ቆሟል፤ ዙሪያው በሙሉ የተወቀረ ነው፣ ጥልቀቱ እኩል፣ አንዱ ነጥብ ከሌላው ሳይጋጭ። መዳፌን አስኬድኩበት። የድመት ምላስ።

"ጨረስሽ?" አለኝ ብርሃነ።

"ጨረስኩ።"

"በመዳፍሽ አየሽው?"

"አየሁት።"

ደስ አለው። እኔም ደስ አለኝ። ሁለታችንም ያላወቅነው አንድ ነገር ነበር።

ኅዳር አሥር ቀን ጋሼ መኩሪያ ጋሪ ይዘው መጡ፤ ወይዘሮ ብርነሽም አብረው። ጠይም፣ ረዘም ያሉ፣ ነጠላቸውን ለሐዘን ያዘቀዘቁ ሴት ናቸው። ጆንያውን ገለጥኩት። ጋሼ መኩሪያ አዩት፣ ጎንበስ ብለውም አዩት፣ ከዚያ ቀና አሉ።

"ይሄ ምንድን ነው? ፈንጣጣ ያወጣ ፊት እኮ ነው የሚመስለው።"

ብርሃነ ከበሩ ሥር፣ "ምን ሆነ ጋሼ?" አለ።

"መሬቱ አልታሸማ! ብርሃነ፣ አንተ ነህ ይህን የሠራኸው? በአሸዋ ሳይታሽ፣ ሳይለሰልስ፣ እንዲህ ተነቅሶ? ጀማሪ እንኳ እንደዚህ አያስረክብም።"

ያኔ ነው የገባን። ለጠራቢ ሥራ አለቀ የሚባለው ድንጋዩ ሲለሰልስ ነው። ይህን ለማንም አይነግሩትም፤ ሰው ሲበላ እጁን ይታጠብ ተብሎ እንደማይነገረው ነው። ለእኔ ደግሞ የለሰለሰ ድንጋይ ያለቀ አይደለም፤ ያረጀ፣ የሚወቀር ነው። ድንጋይ ሻካራ ሲሆን ነው ለሥራ የሚደርሰው። ሃያ ዓመት የማውቀው ይህንኑ ነው። ብርሃነ በጆሮው ሁሉንም ሰምቷል፤ ያልሠራሁትን ግን ከየት ይስማ?

"እኔ አይደለሁም" አለ ብርሃነ። "ዓይኔ አልተፈታም። እሷ ናት የሠራችው። ይታሻል ብዬ አልነገርኳትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"ማን እሷ?" ጋሼ መኩሪያ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ እጄን ከቀሚሴ ሥር ደበቅሁ። "ሴት? የመቃብር ድንጋይ? በሰው ስም ትቀልዳላችሁ እንዴ? ወይዘሮ ብርነሽ፣ ሁለት ቀን ይስጡኝ፣ ተካልኝን አስመጥቼ አሳሸዋለሁ።"

ተካልኝ ሲባል ብርሃነ አንገቱን ደፋ። አበቃ አልኩ በሆዴ። ቦታው ሄደ፣ በእኔው እጅ።

ወይዘሮ ብርነሽ ነጠላቸውን ሰብስበው በጉልበታቸው ተቀመጡና መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ አስኬዱ። አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች። እንዴት እንደሚነካ የሚያውቅ እጅ ነው።

"ይህን በምን ተማርሽው?" አሉኝ።

"ወፍጮ እወቅራለሁ እትዬ።"

ሰኪና ይህን ጊዜ በአጥሩ በኩል ገብታ ቆማለች። "የእኔንም ወፍጮ እሷ ናት የወቀረችው" አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። "ያቻት፣ ትዳሰስ።"

ወይዘሮ ብርነሽ አልሳቁም፣ አላለቀሱምም። "እናቴ የሰው እህል ፈጭታ ነው ያሳደገችኝ" አሉ። "ወፍጮዋ ሲለሰልስ 'ይሄ ደከመ' ትልና ቁጭ ብላ ትወቅረዋለች። ለስላሳ ድንጋይ ስታይ የሚታያት ድካም ነው።" ወደ ጋሼ መኩሪያ ቀና አሉ። "አይታሽም።"

"ወይዘሮ ብርነሽ፣ ሰው ምን ይላል?"

"ሰው የፈጨ ከሆነ ያውቀዋል። ያልፈጨ ምን ያገባዋል?" ከዚያ እንደገና ድንጋዩን አዩት። "ይሄ ግራ ክንዱ ግን ከቀኙ ወፍሯል።"

"ልቀንሰው እትዬ" አልኩ ፈጥኜ።

"ተይው። እሷም ወፍራም ነበረች።"

ድንጋዩ ጋሪው ላይ ተጫነ። ጋሼ መኩሪያ ኮፍያቸውን እያዟዟሩ በሩ ላይ ቆሙና፣ "ብርሃነ፣ ሲፈታልህ ና" አሉ። "ተካልኝን ሌላ ቦታ እፈልግለታለሁ።" ወደ እኔ ሳያዩ ደግሞ፣ "አንቺም… ለሰው አታውሪ" ብለው ወጡ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ድንጋይ ላኩ። ሙት ዓመቱ ላይ ያዩት ሰዎች "እንደዚያኛው ይወቀርልን" ብለዋቸው ነው። እስከ ሰማንያ ሦስት ድረስ ብርሃነ ፊደሉን፣ እኔ መሬቱን፣ ስንቱን ሠራን። ሁሉም የብርሃነ እጅ ተብሎ ነው የሄደው፤ ቅር ብሎኝ አያውቅም። ጥላዋ የማን እንደሆነች እኔ አውቃለሁ።

ዓይኑ የተፈታ ዕለት ግራው ብርሃን ብቻ ነበር የሚለየው፤ ቀኙ ግን ደህና ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከሐኪም ቤት ስንወጣ ወደ ቤት አልሄደም። "መጀመሪያ እማማ ገንዘቤ ጋ" አለኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ገብተን ድንጋዩ ፊት ቆምን። ከሩቅ አየው፣ ቀርቦ አየው፣ ተንበርክኮ መዳፉን አስኬደበት።

"እውነትም ግራ ክንዱ ወፍሯል" አለ።

ሰኞ ጠዋት ጆንያውን በትከሻው አድርጎ ወደ ጋሼ መኩሪያ ግቢ ሄደ። ቤቱን ልጠርግ ስነሳ፣ ጠባቡን መሮ መስኮቱ ላይ ትቶልኝ ሄዷል። አሁንም እዚያው መስኮት ላይ ነች።